«ተቀጠረ» የሚለውን ቃል መቀነስ፦ የአንድን ምድብ ፍርድ ቤት አሠራር ከመደርደሪያው ጀምሮ ለማስተካከል

ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ልደታ ፍርድ ቤት በር ላይ ቁሙ። ሰነዷን በፌስታል ጠቅልላ የያዘች እናት ታያላችሁ። ጋቢ የደረቡ አዛውንት ከልጃቸው ጋር ቆመዋል። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ደጃፍ ላይ አንድ ጎረምሳ «ሦስት ኮፒ ይበቃል፣ አይበቃም» እያለ ይጨቃጨቃል። ሁሉም የተባሉት በተመሳሳይ ሰዓት ነው፤ 3 ሰዓት። ረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ተመለሱና ከሚወጡት አንዱን «እንዴት ሆነ?» በሉት። መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ቃል ነው። «ተቀጠረ።»

«የፍርድ ቤት ለውጥ» ሲባል ቶሎ የሚታሰበን አዲስ ሕንፃ፣ አዲስ ሶፍትዌር፣ ቢሾፍቱ ሆቴል ውስጥ የሚሰጥ የሦስት ቀን ሥልጠና ነው። አይጠሉም። ግን ጉዳይ የሚዘገየው ባብዛኛው ዳኛው ቀስ ብሎ ስለሚጽፍ አይደለም። ምንም ሳይሠራባቸው የሚያልፉ ቀጠሮዎች ስለሚበዙ ነው። እኔ «ባዶ ቀጠሮ» እላቸዋለሁ። ባለጉዳዩ መጥቷል፣ መዝገቡ ተከፍቷል፣ ዳኛው ተቀምጧል፣ ጉዳዩ ግን አንድ ስንዝር ፈቀቅ አላለም።

ከዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ችሎት፣ የአንድ ተራ የብድር ክስ መዝገብ አገላብጬ ነበር። 11 ቀጠሮ። ነገር የተሠራው በአራቱ ብቻ ነው፦ ክስ ተሰማ፣ ጭብጥ ተያዘ (የሚያከራክረው ነጥብ ተለየ)፣ ምስክር ተሰማ፣ ፍርድ ተነበበ። የቀሩት ሰባቱስ? ሦስት ጊዜ መጥሪያ አልደረሰም። ሁለት ጊዜ ከባንክ የታዘዘው ማስረጃ አልመጣም። አንዴ የተከሳሽ ጠበቃ ሌላ ችሎት ነበረባቸው። አንዴ ደግሞ «መዝገቡ ተመርምሮ ስላላለቀ»። ዳኛው በትክክል የሠሩበት ሰዓት ቢደመር አንድ የሥራ ቀን አይሞላም። ሰውየው ግን ብድሩን ለማስፈረድ ሁለት ዓመት ገደማ ተመላልሷል። ይህን መዝገብ ከታች ደጋግሜ አነሳዋለሁ።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለአስተባባሪ ዳኛ፣ ለሬጅስትራር (የመዝገብ ቤቱን ሥራ ለሚመራው ኃላፊ) ወይም «ለውጡን ምራ» ተብሎ ለተመደበ ባለሙያ ነው። ክልል ላይ ያለ ፍርድ ቤትም ቢሆን ስሞቹን ቀይሮ ሊጠቀምበት ይችላል።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ የማትነኩትን እወቁ

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 79 መሠረት ዳኞች የሚመሩት በሕግ ብቻ ነው። ስለዚህ «ይህን መዝገብ በዚህ ቀን ወስን» ብሎ ዳኛን ማዘዝ የእናንተ ሥራ አይደለም። የእናንተ ሥራ ዳኛው ፊት የሚቀርበው መዝገብ የተሟላ እንዲሆን ማድረግ ነው። ይህ ድንበር ከደበዘዘ ዳኞቹ ያኮርፋሉ። እውነትም አላቸው።

አዲስ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅም አያስፈልግም። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 እና የዳኝነት አስተዳደር አዋጁ ቁጥር 1233/2013 አሉ። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ዕድሜው ቢገፋም ከታች ከምናነሳው አብዛኛውን ይፈቅዳል። ችግሩ ሕጉ መደርደሪያ ላይ መሆኑ ነው። ከመዝገቦቹ ጋር።

ደረጃ 1፦ መደርደሪያውን ቁጠሩ

ኮምፒውተሩን አትመኑ። ሲስተሙ ላይ ያለው ቁጥርና መደርደሪያው ላይ ያለው መዝገብ ገጥሞ አላየሁም።

ለዚህ የሚመቸው ክረምት ነው። መደበኛ ችሎቶች ዕረፍት ሲወጡና ተረኛ ችሎት ብቻ ሲቀር መዝገብ ቤቱ ይተነፍሳል። ሁለት ሁለት ሰው መድቡ። አንዱ መዝገቡን አውጥቶ ይጠራል፣ አንዱ ይጽፋል። ለእያንዳንዱ መዝገብ ስድስት ነገር ይበቃል፦ ቁጥሩ፣ የተከፈተበት ቀን፣ የጉዳዩ ዓይነት፣ የመጨረሻው ትእዛዝ፣ ቀጣዩ ቀጠሮ፣ እስካሁን ስንት ጊዜ እንደተቀጠረ።

የመጨረሻዋን አትዝለሏት። አሰልቺ ናት። የትእዛዝ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ማገላበጥ ትፈልጋለች። ግን ሥራው ሁሉ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው።

ሳምንት ሳይሞላ ሦስት ጉድ ታገኛላችሁ። አንደኛ፣ ውሳኔ ያገኙ ግን ክፍት ተብለው የሚቆጠሩ መዛግብት። ሁለተኛ፣ ቀጣይ ቀጠሮ የሌላቸው። እነዚህን «ወላጅ አልባ» በሏቸው፤ ማንም አያስታውሳቸውም፤ ባለጉዳዩ ሲሰለቸው እሱም ይተዋቸዋል። ሦስተኛ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ኖረው መደርደሪያው ላይ የሌሉ። ወደ እነሱ በኋላ እንመለሳለን።

ደረጃ 2፦ «ለምን ተቀጠረ?» የሚል ደብተር ክፈቱ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህንን ውሰዱ።

ለአንድ ወር፣ በየችሎቱ፣ የችሎት ጸሐፊው በተቀጠረ መዝገብ ሁሉ ላይ ምክንያቱን በአንድ ቁጥር ይመዝግብ። ዝርዝሩን አጭር አድርጉት። ለመጀመሪያ ይህ ይበቃል፦

1. መጥሪያ አልደረሰም
2. ከመሥሪያ ቤት የታዘዘ ማስረጃ ወይም የባለሙያ አስተያየት አልመጣም
3. ተከራካሪ ወይም ጠበቃ አልቀረበም
4. ምስክር ወይም እስረኛ አልቀረበም
5. ዳኛ የለም ወይም አልተሟላም
6. መዝገቡ አልተመረመረም
7. መዝገቡ አልተገኘም
8. ሥራ ተሠርቶ ለቀጣይ ደረጃ ተቀጠረ

ስምንተኛዋ ባዶ ቀጠሮ አይደለችም። ክስ ተሰምቶ ለምስክር ከተቀጠረ ጉዳዩ ተንቀሳቅሷል። የቀሩት ሰባቱ ግን ባዶ ናቸው። «ሌላ» የሚል ተራ ቁጥር አትጨምሩ። ከጨመራችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ግማሹ መዝገብ እዚያ ይከተታል።

አንድ ማሳሰቢያ። ጸሐፊው የሚመዘግበው እውነቱን እንጂ ትእዛዙ ላይ የተጻፈውን ብቻ መሆን የለበትም። ትእዛዙ «በሥራ መደራረብ ምክንያት» ሊል ይችላል። ይህ ቁጥር 5 ነው ወይስ ቁጥር 6? ዳኛው ስብሰባ ተጠርተው ነበር ወይስ መዝገቡ ማታ ነው ጠረጴዛቸው ላይ የደረሰው? ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ መድኃኒታቸው አይገናኝም። ጸሐፊዎቹ በግልጽ እንዲጽፉ ከፈለጋችሁ ደግሞ ደብተሩ ለማንም ዳኛ ግምገማ እንደማይውል ቀድማችሁ በጽሑፍ አሳውቁ። ቃላችሁንም ጠብቁ።

ወሩ ሲያልቅ ደምሩ። ውጤቱ ከችሎት ችሎት ይለያያል። የቤተሰብ ችሎት ላይ አንዱ ምክንያት ይጎላል፣ ወንጀል ላይ ሌላው። የብድር መዝገቤን በዚህ ደብተር ብንመዘግበው 1 ሦስት ጊዜ፣ 2 ሁለት ጊዜ፣ 3 አንዴ፣ 6 አንዴ ይወጣው ነበር። ከሰባቱ ባዶ ቀጠሮ አምስቱ ከችሎቱ በር ውጭ የተፈጠሩ ናቸው ማለት ነው። ዳኛውን አሠልጥኖ ይህን ማስተካከል አይቻልም።

ደረጃ 3፦ መስኮቱ ላይ አጣሩ

ጎዶሎ ክስ ከተቀበላችሁ ጎዶሎ መዝገብ ይኖራችኋል። የክስ መቀበያው መስኮት ላይ ጎበዝ የሚባለውን ሠራተኛ አስቀምጡ። ብዙ ቦታ የሚደረገው ግን ተቃራኒው ነው፤ አዲስ የተቀጠረው እዚያ ይጣላል።

በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 223 መሠረት የማስረጃ ዝርዝር ከክሱ ጋር መያያዝ አለበት። አለ ወይ? የዳኝነት ክፍያው ልክ ነው? ኮፒው በተከሳሽ ቁጥር ልክ ነው? ሥልጣኑ የፌዴራል ነው ወይስ የከተማው ፍርድ ቤት? አዲስ አበባ ላይ ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ የከተማው ፍርድ ቤቶች በቻርተሩ በአዋጅ ቁጥር 361/1995 የራሳቸው ሥልጣን አላቸው። ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመላለስ እግሩ ይቀጥናል። አከራካሪ ከሆነ ዳኛው ይወስናል። ግልጽ ከሆነ ግን መስኮቱ ላይ «አባባ፣ ይሄ እዚህ አይደለም፣ ወደዚያኛው ይሂዱ» ማለት ሰውየውን ስድስት ወር ያድነዋል።

እነዚህን ጥያቄዎች የያዘ መጠየቂያ ቅጽ በትልቁ አትማችሁ ውጭ ለጥፉ። አጥሩ ሥር ጃንጥላ ዘርግተው አቤቱታ ለሚጽፉት ራፖር ጸሐፊዎችም ስጧቸው። ጠበቃ መያዝ ለማይችለው ሰው የመጀመሪያው «የሕግ አማካሪ» እነሱ ናቸው። ይህን የሚጠላ የሕግ ሰው አለ። እኔ ግን ቅጹን ይዘው ቢሠሩ እመርጣለሁ።

ደረጃ 4፦ መጥሪያ

እዚህ ትንሽ እንቀመጥ።

በድሮው ዘመን መጥሪያ የሚባል ጣጣ አልነበረም። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን አቋጥረው፣ ተቆራኝተው ነበር ዳኛ ፊት የሚቀርቡት። ቁራኛ ማለት እሱ ነው። ዛሬ ይህ በሰብዓዊ መብት ያስጠይቃል። ግን ተከሳሹን ማግኘት ከክርክሩ በላይ እንዲከብድ የፈቀድነው እኛው ነን።

አሠራሩን ታውቁታላችሁ። ከሳሽ መጥሪያውን ተቀብሎ ራሱ ይወስዳል። ወይም በፖሊስ፣ ወይም በወረዳ። ተከሳሹ ኮንዶሚኒየም ይኖራል፤ ብሎክ ቁጥሩ አለ፣ የቤት ቁጥሩ የለም። ወይም ሰፈሩ ፈርሶ ተነሥቷል። ጥበቃው «እንዲህ የሚባል ሰው የለም» ይላል። ወይም ተከሳሹ ወረቀቱን አይቶ «አልፈርምም» ይላል። ከሳሽ በቀጠሮው ቀን ይመጣና «ላገኘው አልቻልኩም» ይላል። ተለዋጭ ቀጠሮ። ከሁለት ወር በኋላ እንደገና። በሦስተኛው «በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ይጠራ» ይባላል። በዚህ መሀል ስድስት ወር አለፈ። የብድር መዝገቤ ላይ የሆነው ቃል በቃል ይህ ነው።

ስህተቱ የት ነው? መጥሪያው ደረሰ ወይስ አልደረሰም የሚለው የሚታወቀው በቀጠሮው ቀን፣ ዳኛው ፊት መሆኑ ነው። ከዚያ ቀድሞ ማንም አይጠይቅም። ስለዚህ የሚከተለውን አድርጉ።

ክሱ ሲከፈት የከሳሹንም፣ ከታወቀ የተከሳሹንም ስልክ መዝግቡ። ለአድራሻ «አዲስ አበባ፣ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ» የሚል አትቀበሉ። «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር፣ ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ» የሚል ጻፉ። ይህ ከተማ በቤት ቁጥር ሳይሆን በምልክት የሚኖር ነው። የሥራ ቦታውንም ጠይቁ፤ ሰው ከቤቱ ይልቅ ከሱቁ ይገኛል።

ከዚያ ለእያንዳንዱ መጥሪያ ሁለት ቀን ይኑር። አንደኛው የችሎት ቀጠሮ። ሁለተኛው ከእሱ 15 ቀን የሚቀድም፣ የመጥሪያው ማድረሻ ለሬጅስትራሩ የሚመለስበት ቀን። ካልተመለሰ ሬጅስትራሩ ያን ቀን ለከሳሹ ይደውልለት። «ምን ሆነ? ሌላ የሚያውቀው ሰው አለ?» ይበል። ፖሊስ ይታከል፣ ሌላ አድራሻ ይፈለግ። የጋዜጣ ጥሪ የሚያስፈልግ ከሆነ መዝገቡ ያኔውኑ ለዳኛው ይቅረብና ይታዘዝ፤ ቀጠሮው እስኪደርስ አይጠበቅ። ቀኑ መራዘሙ ካልቀረ ደግሞ ባለጉዳዮቹ ሥራ ፈትተው ሳይመጡ በአጭር መልእክት ይነገራቸው።

አልፈርምም ያለውንስ? አድራሹ የሆነውን በዝርዝር፣ ቀንና ሰዓት ጠቅሶ ይጻፍ፤ የሚቻል ከሆነ ምስክር ያስፈርም። ከሳሽ ቀርቦ መጥሪያ በአግባቡ መድረሱ ከተረጋገጠ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 70(ሀ) መሠረት ተከሳሹ በሌለበት መቀጠል ይቻላል። ዳኞች ይህን ለማዘዝ የሚያቅማሙት ብዙ ጊዜ ማድረሻው «አልተገኘም» በሚል አንድ ቃል ስለሚመለስ ነው። በአንድ ቃል ደግሞ የሰው መብት አይዘጋም።

ከመሥሪያ ቤት ለሚታዘዝ ማስረጃም ያው ሁለት ቀን ይሠራል። ባንክ፣ መሬት አስተዳደር፣ ሰነዶች ማረጋገጫ፣ ሆስፒታል። ትእዛዙ «ለሚመለከተው ክፍል» ተብሎ ሲወጣ ማንንም አይመለከትም። በየመሥሪያ ቤቱ የፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚቀበል አንድ ሰው በስም ይመደብ፤ ስልኩ ሬጅስትራሩ ጠረጴዛ ላይ ይለጠፍ። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት አንድ ጊዜ ስብሰባ ጠርተው ይህን ቢያስወስኑ ዓመት ሙሉ ይጠቅማል።

ደረጃ 5፦ ቀላሉን ከከባዱ ለዩ

የቀለብ ጥያቄና የአክሲዮን ማኅበር ክርክር አንድ ሰልፍ ላይ መቆም የለባቸውም። መዝገቡ ሲከፈት ሦስት መንገድ ይኑር፦ ፈጣን፣ መደበኛ፣ ከባድ። መዝገቡ ላይ ባለቀለም ወረቀት መለጠፍ ይበቃል። የተፈረመ የብድር ውል ወይም ቼክ የተያዘባቸው የገንዘብ ጥያቄዎች በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 284 አጭር ሥነ ሥርዓት ሊታዩ ይችላሉ። ይህ አንቀጽ ለረጅም ጊዜ ኖሯል፤ የሚጠቀምበት ግን ጥቂት ነው። የእኔ የብድር መዝገብ በዚህ በር ቢገባ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ ነበር።

ከሦስቱ ጎን አራተኛ መንገድ አለ። ፍርድ ቤት መር አስማሚነት በአዋጅ 1234/2013 እውቅና አግኝቷል። የቤተሰብ፣ የውርስ፣ የጎረቤት ድንበር፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳዮች መጀመሪያ እዚያ ይሞከሩ። ሽማግሌ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ሽምግልናው ጊዜ የተቆረጠለት መሆኑና ስምምነቱ በችሎት መጽደቁ ነው። ጊዜውን በእርግጥ ቁረጡለት። አለበለዚያ ማስማሚያ ክፍሉ ራሱ ሌላ የቀጠሮ ቤት ይሆናል። ዛቻ ወይም ድብደባ ያለበትን የትዳር ጉዳይ ደግሞ ወደዚያ አትምሩ። እዚያ «ተስማሙ» ማለት «ቻይው» ማለት ነው።

ደረጃ 6፦ ሁሉንም 3 ሰዓት አትጥሩ

ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ማስታወቂያ ነው የሚጠይቀው። ለመጥሪያ ከ3 እስከ 4 ሰዓት፣ ክስ ለመስማት ከ4 እስከ 6፣ ምስክር ከሰዓት በኋላ። የቀኑ ዝርዝር ችሎቱ በር ላይ በሰዓት ተከፍሎ ይለጠፍ። ጠበቃም ሁለት ችሎት ቢኖረው ሰዓቱ ከተለየ ሁለቱንም ይደርሳል። የብድር መዝገቤ ላይ ጠበቃው የቀሩባት ያቺ ቀጠሮ በዚህ ትድን ነበር።

በቀን ስንት መዝገብ ይቀጠር? ዳኛውን ጠይቁ። «በእርግጥ ስንት ትመረምራለህ?» በሉት። መልሱ አሥር ከሆነ ሠላሳ አትቅጠሩለት። ሠላሳ ሲቀጠር ሃያው ቁጥር 6 ሆኖ ደብተሩ ላይ ይመጣል። ምስክር የሚሰማበት ጉዳይ ደግሞ ከተቻለ በተከታታይ ቀናት ይለቅ። ከአዳማ የመጣን ምስክር ሦስት ጊዜ መልሶ መጥራት እሱንም ማጣት ነው።

የቀጠሮ ለውጥ ሲጠየቅስ? ሥነ ሥርዓት ሕጉ በቂ ምክንያት ይፈልጋል፤ ወጪ ማስከፈልም ይቻላል። ዳኞቹ ተሰብስበው «በቂ ምክንያት» የሚሉትን በጋራ ይጻፉት። አንዱ ችሎት የሚከለክለውን ሌላው ከፈቀደ ጠበቃው የሚበጀውን ያውቃል።

ደረጃ 7፦ ውዝፉ

አሮጌውን ለማጽዳት አዲሱን አታስቁሙ። ውዝፉን የሚሠራ የተለየ ችሎት ወይም የተለየ ቀን ይኑር። መጀመሪያ የሚወጡት በዕድሜ የገፉት ናቸው። ጨዋ የሚመስል ፈተና እዚህ አለ፦ ቀላሉን መርጦ በመዝጋት ቁጥር ማሳመር። ሪፖርቱ ያምራል፣ የአሥር ዓመቱ የውርስ መዝገብ ግን መደርደሪያው ላይ ያረጃል።

ሲንጋፖር በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ውዝፏን ያቃለለችው ዋና ዳኛ ዮንግ ፑንግ ሃው ከ1990 ጀምሮ ቀጠሮ ማራዘምን አጥብቀው በመቆጣጠራቸው ነው ይባላል። ለጥቃቅን ጉዳዮች የማታ ችሎትም በ1992 ከፍተዋል። የእነሱን ሀብት ይዘን አንነጻጸርም። የቀጠሮ ጉዳይ ግን ሀብት አይጠይቅም።

ባለጉዳዩ የተወውን መዝገብ ስትዘጉ ጥንቃቄ አድርጉ። ተደውሏል? መልእክት ተልኳል? በማስታወቂያ ሰሌዳ ተለጥፏል? ሰውየው የተወው ስለታከተው ይሆናል። ስትደውሉ «እንዴ፣ እስካሁን አለ?» የሚል ይገጥማችኋል። እኔ ገጥሞኛል።

ደረጃ 8፦ «መዝገቡ ጠፋ»

ይህን በለሆሳስ ነው የምናወራው። መዝገብ ሲጠፋ ሁልጊዜ በስህተት አይጠፋም። ጠፋ የተባለው መዝገብ «የሻይ» ተብሎ ሲሰጥ ከሌላ መደርደሪያ ሲገኝ ያየ ሰው ብዙ ነው። ሠራተኛውን ብቻ መስበክ አይጠቅምም፤ ደመወዙን ታውቃላችሁ። መዝገቡ የት እንዳለ አንድ ሰው ብቻ የሚያውቅበትን ሁኔታ ማጥፋት ይሻላል።

የድሮው መንገድ ይሠራል። መዝገብ ከመደርደሪያ ሲወጣ በቦታው ካርድ ይቀመጥ። ማን ወሰደው፣ መቼ፣ ወዴት፣ ፊርማ። ዳኛውም ቢሆን ይፈርሙ። ካርድ ሳይቀመጥ ክፍት ቦታ ከተገኘ የዕለቱ ተረኛ ይጠየቅ። ደረጃ 1 ላይ «ኮምፒውተሩ ላይ ኖረው መደርደሪያው ላይ የሌሉ» ያልናቸውን ደግሞ በስም ዝርዝር አውጡ፣ ፈልጉ፣ ካልተገኙ ባለጉዳዮቹ ካላቸው ኮፒ መዝገቡ እንደገና እንዲደራጅ ለዳኛው አቅርቡ።

የውሳኔ ግልባጭም እዚሁ ይግባ። በፍትሐ ብሔር ይግባኝ የሚባለው በ60 ቀን ውስጥ ነው። ግልባጩ ሲዘገይ ሰውየው ግልባጩን ለምኖ ያገኛል፣ ከዚያ ጊዜው አለፈ ይባላል። ፍርዱ በተነበበ ዕለት ግልባጩ ካልተዘጋጀ ችግሩ የድምፅ ቅጂ የሚገለብጡት ጸሐፊዎች ማነስ ነው ወይስ ፍርዱ ሳያልቅ መነበቡ? ይህንንም በደብተሩ ያዙት።

ደረጃ 9፦ አሁን ኮምፒውተሩ

ኮምፒውተር ለእኛ ፍርድ ቤቶች አዲስ አይደለም። መዝገብን በኮምፒውተር መመዝገብና ከክልል በቪዲዮ መከራከር በ1990ዎቹ የተጀመረ ነገር ነው። ሩዋንዳ በ2016 እ.ኤ.አ. ፖሊስን፣ ዐቃቤ ሕግን፣ ፍርድ ቤትንና ማረሚያ ቤትን ያያያዘ አንድ ሥርዓት አስጀምራለች። ኬንያም በሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. ናይሮቢ ላይ ክስን በኢንተርኔት መቀበል ጀምራለች።

ግን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። የተዘበራረቀ መደርደሪያ ስካን ሲደረግ የተዘበራረቀ ፋይል ይሆናል። ከላይ ያሉት ስምንቱ በወረቀት ከሠሩ ወደ ኮምፒውተር መውሰዱ ቀላል ነው። መጀመሪያ የሚጠቅመው ክስ በኢንተርኔት መቀበል ሳይሆን የቀጠሮ አጭር መልእክት ነው፤ ስማርት ስልክ የሌለውም ያነበዋል። ከዚያ የምክንያት ደብተሩ። ከዚያ የቀረው። መብራት ሲጠፋና «ሲስተም የለም» ሲባል ሥራው የሚቀጥልበት የወረቀት ቅጽ ሁልጊዜ መሳቢያ ውስጥ ይኑር።

ደረጃ 10፦ ጥቂት ቁጥር፣ በየወሩ

አራት ቁጥር ይበቃል። እንበል በዓመቱ 6,000 አዲስ መዝገብ ገባ፣ 5,700 አለቀ። የማጥራት ምጣኔው 95 በመቶ ነው፤ በዓመት 300 ውዝፍ ትጨምራላችሁ ማለት ነው። ከዓምና የዞረ 4,000 ከነበረ ደግሞ በእጃችሁ ያለፈው 10,000 ነው፤ ለ5,700 ሲካፈል የመጨናነቁ ምጣኔ 1.75 ይሆናል። ሦስተኛው የክፍት መዛግብት ዕድሜ ነው፦ ከአንድ ዓመት በታች፣ ከአንድ እስከ ሦስት፣ ከሦስት በላይ። አራተኛው ደግሞ ባዶ ቀጠሮ በአንድ መዝገብ በአማካይ ስንት እንደሆነ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ብቻ የሚያይ አለቃ ይሳሳታል። መዝገብ በቴክኒክ ምክንያት ተዘግቶ በማግሥቱ በአዲስ ቁጥር ሲከፈት የማጥራት ምጣኔው ይጨምራል፤ ሰውየው ግን እዚያው ነው። ስለዚህ እንደገና የተከፈቱትን ለይታችሁ ቁጠሩ።

ቁጥሮቹን በችሎት ደረጃ ሳይሆን በምድቡ ደረጃ ደምራችሁ ሰሌዳው ላይ ለጥፉ። ዳኛና ዳኛ አታፎካክሩ። ባለጉዳዩ ግን ይይ። እናንተ ራሳችሁ በየሦስት ወሩ 20 ያለቁ መዛግብት በዕጣ አውጡና የትእዛዝ ወረቀታቸውን ከመጀመሪያው ገጽ አንብቡ፤ ባዶዎቹን በእርሳስ ምልክት አድርጉ። አንድ ከሰዓት ይበቃል። ከዚያ እርሳሱን ይዛችሁ ወደ መጥሪያው ክፍል ውረዱ።